እጄን እስካነሳ ጨዋታው አይቀጥልም

(በኮሚኒቲያችን የአዲስ ዓመት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ። እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። አባቶቼ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ እህቶቼ፣ እዛ በሩ ጋ የቆማችሁ ልጆችም ኑ ወደፊት፣ ወንበር አለ፣ ዛሬ ከማንም በላይ እናንተ ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል።

ሰብሳቢያችን ከሦስት ሳምንት በፊት ደውለው ስለ አብሮ መኖር ትንሽ ተናገሪልን ሲሉኝ፣ እሺ፣ ግን የምናገረው ስለ ክሪኬት ነው አልኳቸው። ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። ከዛ "ክሪኬት ያልሽው ይሄ ህንዶቹ የሚጫወቱት ነው?" አሉኝ። አዎ እሱ ነው። እግዜር ይስጣቸው አልከለከሉኝም፣ እንደውም ቅዳሜ ከሰዓት ክለባችን ጨዋታ እንዳለው ሲሰሙ የኔን ተራ አስቀደሙልኝ።

እኔ የምኖረው እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሃምፕሻየር ውስጥ አንድ ትንሽ መንደር ነው። አንድ ቤተክርስቲያን፣ አንድ ፐብ፣ መጠጥ ቤት ማለት ነው፣ አንድ የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ ሱቁ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ፖስታ ቤቱም ተዘግቷል፣ አውቶብሱ ቅዳሜ ሁለቴ ብቻ ነው የሚያልፈው። እና መሀል ላይ ሜዳ አለ። መጀመሪያ የገባን ጊዜ ሀበሻ ቀርቶ ጥቁር የሚባል ሰው እኛ ብቻ ነበርን። ሥራዬ ኬር ነው፣ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ስለዚህ የመንደሩን ሰው መኝታ ቤቱ ድረስ አውቀዋለሁ፣ መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ ግን ጥቂት ነበር። ቤታቸው ውስጥ እጄን ይዘው የሚያለቅሱ ሰዎች ልጆቻቸው ሱፐርማርኬት ውስጥ አያውቁኝም። እዚህ ኬር የምትሠሩ ሁሉ ይሄን ታውቁታላችሁ፣ መንገር አያስፈልገኝም።

ከምንከባከባቸው ሰዎች አንዱ ያኔ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው የነበረ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፣ እኔም በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም፣ በስሜ ጥሪኝ እያሉ ስንት ጊዜ ለመኑኝ፣ አፌ እምቢ አለኝ፣ አባባ ነው የምላቸው፣ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ እሳቸውም ወደውታል። አባባ አርባ ዓመት ሙሉ የመንደሩ ክለብ ስኮረር ነበሩ፣ ነጥብ መዝጋቢ ማለት ነው። ከዛ ዓይናቸው እየደከመ መጣ፣ ዳር ዳሩ ይታያቸዋል መሀሉ ግን ጠፋ፣ እና መጽሐፉን አስረከቡ። አንድ የግንቦት ቅዳሜ በዊልቸር ገፍተሽ ሜዳው ድረስ አድርሺኝ አሉኝ። አደረስኳቸው፣ ዳር ላይ ያለው ገመድ ጋ ስንደርስ ፍሬኑን ያዝኩት፣ ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ አለበስኩ፣ ልቆም ስል "በይ አሁን የምታይውን ንገሪኝ" አሉኝ።

ምን ልንገራቸው፣ ምንም አላውቅም። አንዱ ሮጦ መጣና ወረወረ፣ ሌላው መታው፣ ማንም አልሮጠም፣ አልኳቸው። "ጥሩ፣ ነጥብ የለውም፣ ቀጥዪ።" አሁን ደግሞ መታውና ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ። "አንድ። ቀጥዪ።" የኬር ሰዓቴ አለቀ፣ እኔ ግን አልሄድኩም፣ እስከ ምሽት ቆየሁ። ክሪኬትን እንደዛ ነው የተማርኩት፣ ለማያይ ሰው እየነገርኩ፣ ስለዚህ እያንዳንዷን ነገር ማየት ነበረብኝ።

ለማታውቁት ባጭሩ፣ በያንዳንዱ ቡድን አስራ አንድ ሰው ነው። ሜዳው መሀል ላይ ሁለት ቦታ ሦስት ሦስት ችካል ተተክሏል፣ ችካሎቹ አናት ላይ ትንንሽ ሁለት እንጨት ተጋድሟል፣ በመሀላቸው 22 ያርድ አለ፣ ሀያ ሜትር ገደማ በሉት። ወርዋሪው ችካሉን አፍርሶ መቺውን ከጨዋታ ለማስወጣት ይወረውራል፣ መቺው በዱላው ችካሉን ይጠብቃል፣ ራቅ አድርጎ ከመታ ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተለዋወጡ ይሮጣሉ፣ አንድ ልውውጥ አንድ ራን ነው፣ ኳሱ ገመዱ ጋ ከደረሰ አራት፣ መሬት ሳይነካ ካለፈ ስድስት። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል፣ እኛ ጋ አንዱ ቡድን አርባ ኦቨር ይመታል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ከዛ ሌላው አርባ። ከሰባት ሰዓት እስከ ምሽት ድረስ ነው፣ ዝናብ ካልመጣ። ቀሪው ዝርዝር ነው፣ ዝርዝሩ ደግሞ አያልቅም፣ እስካሁን እየተማርኩ ነው።

በሁለተኛው ዓመት መጽሐፉን ይዞ የነበረው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባና ክለቡ ስኮረር አጣ። አባባ "እሷ አለች እኮ" አሏቸው። ካፒቴኑ ዞር ብሎ አየኝ፣ መጽሐፉንና ሁለት የተቀረጸ እርሳስ ሰጠኝ። በቃ፣ ሌላ ሥነ ሥርዓት አልነበረም።

ስኮርቡክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትልቅ ነው፣ ከፍተው ሲዘረጉት ጠረጴዛውን ይሞላዋል፣ መስመር በመስመር ነው፣ ለያንዳንዱ ውርወራ ቦታ አለው። ራን ካልተገኘበት የነጥብ ምልክት፣ ወርዋሪው ከመቺው ካራቀው የመደመር ምልክት፣ ሕገወጥ ውርወራ ከሆነ ክብ፣ ዱላም ሰውም ሳይነካ አልፎ ከሮጡበት ሦስት ማዕዘን። ስድስቱም ባዶ ከሆኑ ነጥቦቹን በመስመር ታያይዣቸዋለሽ፣ ልክ የፈረንጅ ኤም ይሆናሉ። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው የእርሳሱን ድምፅ ይሰማሉ፣ ወረቀቱ ላይ ሲንሸራተት፣ "ኤም ነው አይደል?" ይሉኛል። አዎ አባባ፣ ኤም ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ዳኛው ሜዳ መሀል ቆሞ ምልክት ይሰጣል። ሁለት እጁን ወደ ላይ ካነሳ ስድስት ነው፣ እጁን እያወዛወዘ ካሳየ አራት፣ ሁለት ክንዱን ወደ ጎን ከዘረጋ ኳሱ ርቋል ማለት ነው። ምልክቱን ሰጥቶ እኛ ስኮረሮቹ ወደምንቀመጥበት ጎጆ ዞሮ ይቆማል። እኔ አየሁ፣ ጻፍኩ ለማለት እጄን አነሳለሁ። እጄን እስካነሳ ቀጣዩ ኳስ አይወረወርም። ይሄ የኛ መንደር ልማድ እንዳይመስላችሁ፣ የክሪኬት ሕግ ላይ ተጽፎ ያለ ነው፣ ስኮረሮቹ ምልክቱን መቀበል አለባቸው፣ ዳኛው ደግሞ መቀበላቸውን ሳያይ ጨዋታውን አያስቀጥልም።

የመጀመሪያው ቀን አላወቅኩም፣ አቀርቅሬ እየጻፍኩ ነበር፣ ቀና ስል ሜዳው በሙሉ ቆሟል። አስራ ሦስት ተጫዋችና ሁለት ዳኛ ወደኔ ይመለከታሉ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም ሰዓቱን አላየም። አባባ በክርናቸው ነካ አደረጉኝና "እጅሽን እየጠበቁ ነው" አሉኝ። አነሳሁ። ዳኛው ራሱን ነቀነቀ፣ ጨዋታው ቀጠለ።

እኔ እዚህ አገር ስንት ዓመት ሆነኝ፣ ስንት ቅጽ ሞላሁ፣ ስንት ደብዳቤ ጠበቅኩ፣ ስንት ወረፋ ላይ ቆምኩ፣ ሁልጊዜ ጠባቂዋ እኔ ነኝ። ሰው እኔን ሲጠብቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዛች የእንጨት ጎጆ ውስጥ ነው። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው ድምፄ ተቆራረጠ፣ እሱም ገባው።

ከዛ ወዲህ ነው ይሄ ክለብ ምንድነው ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት። የአባባ ልጅ ባለፈው ዓመት በመኪና ሀምብልደን ወሰደን፣ ከኛ ብዙ አይርቅም። ብሮድሃፍፔኒ ዳውን የሚባል ኮረብታ ላይ ሜዳ አለ፣ ከሜዳው ማዶ ባት ኤንድ ቦል የሚባል ፐብ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የዚህ መንደር ክለብ የመላው እንግሊዝን ቡድን ያሸንፍ ነበር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1777 አሸንፈው ብቻ አልተመለሱም፣ አንዴ መትተው ያገኙትን እንግሊዞቹ ሁለቴ መትተው እንኳን አልደረሱበትም፣ ልዩነቱ 168 ራን ነበር፣ ጄምስ ኤይልዋርድ የሚባለው ብቻውን 167 ራን አመጣ። እና እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ ብትሉኝ፣ ሪቻርድ ናይረን የዛው ፐብ ባለቤት ነበር፣ ካፒቴኑም እሱ ነው። ጆን ስሞል ጫማ ሰፊ ነበር፣ ዱላና ኳስም ይሠራ ነበር። ከተቃራኒ ቡድን የነበረው ላምፒ ስቲቨንስ የአንድ መኳንንት አትክልተኛ ነበር። መስፍኑም አትክልተኛውም አንድ ሜዳ ላይ። እኛስ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንል የለ? ልክ እሱን ነው ያስታወሰኝ፣ አያቴ መንደር ሜዳው ላይ ሩሯ ስትጠለዝ፣ ለባለርስቱ ማንም መንገድ አይለቅም ነበር ይባላል።

አንድ ነገር ደግሞ ስሙኝ። ያኔ ችካሉ ሁለት ብቻ ነበር። በ1775 እዚሁ ለንደን አርቲለሪ ግራውንድ ላይ ላምፒ ለጫማ ሰፊው ለስሞል ሲወረውር ኳሱ ሦስት ጊዜ በሁለቱ ችካሎች መሀል ሾለከ፣ ችካሉ ስላልተነካ ስሞል አልወጣም፣ ቡድኑም አሸነፈ። ሁሉም ሰው ይሄ ልክ እንዳልሆነ ታወቀው፣ ከዛ ወዲህ ነው መሀል ላይ ሦስተኛ ችካል የተጨመረው። እኔ ይሄን በጣም ነው የምወደው። ሕጉ ጎዶሎ ሆኖ ሲገኝ ተቀምጠው አስተካከሉት፣ የጎደለበት ቦታ ላይ አንድ እንጨት ጨመሩ።

ሴቶቹንስ ብትሉ፣ በጽሑፍ የተመዘገበው የመጀመሪያው የሴቶች ጨዋታ በ1745 ሰሪ የሚባል አውራጃ ውስጥ ጎስደን ኮመን ላይ ነው፣ የብራምሌይና የሀምብልደን ልጃገረዶች፣ ይሄ ሀምብልደን የሰሪው ነው፣ ነጭ ለብሰው፣ አንደኛው ቡድን ሰማያዊ ሪባን ሌላው ቀይ ሪባን አስረው። 1745! ታላቁ የለንደን የክሪኬት ክለብ ኤምሲሲ ግን በ1787 ተቋቁሞ ሴት አባል ለመቀበል የወሰነው በ1998 ነው። መንደር ሜዳ ላይ የነበረው ነገር ትልቁ በር ጋ ለመድረስ ይሄን ያህል ፈጀ። ሁሉም ነገር ያማረ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፣ ያለ ክፍያ የሚጫወቱት ጌቶችና እየተከፈላቸው የሚጫወቱት ተለይተው የሚጋጠሙበት ጨዋታ ከ1806 እስከ 1962 ነበር፣ በብዙ ቦታ የሚለብሱበት ክፍልና ወደ ሜዳ የሚወጡበት በር ሳይቀር የተለየ ነበር።

የዘረኝነቱንም ነገር አልዘለውም፣ ምክንያቱም ከናንተ መሀል ልጆቻቸውን ላለመላክ የሚያስቡ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። በ2023 ሰኔ ላይ በእንግሊዝ ክሪኬት ውስጥ ስላለው ሁኔታ ያጣራው ገለልተኛ ኮሚሽን ሪፖርት ወጥቶ ነበር፣ ዘረኝነትም፣ ሴትን ማሳነስም፣ በመደብ መናናቅም በሰፊው አለ ብሎ በግልጽ ጻፈ፣ የአገሪቱ ክሪኬት ቦርድም ይቅርታ ጠየቀ። እኔም ላይ ደርሷል። ሌላ መንደር ሄደን ስንጫወት አንድ ተመልካች ጎጆው በር ላይ ቆሞ "ይቺ መቁጠር ትችላለች?" አለ፣ እኔ እየሰማሁ። አብራኝ የተቀመጠችው የነሱ ስኮረር፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴትዮ ናት፣ ተነሳችና በሩን ዘጋችበት። ቁጭ ብላ መነጽሯን አስተካክላ "አርባ ሰባት በሁለት አለሽ?" አለችኝ፣ አርባ ሰባት ራን፣ ሁለት ሰው ወጥቷል ማለት ነው። አርባ ሰባት በሁለት አለኝ አልኳት። እሷ ተቃራኒ ቡድን ናት እኮ።

እሱን ነው ዛሬ እናንተ ፊት ላስቀምጠው የፈለግኩት። ስኮረር ሁለት ነው፣ ከያንዳንዱ ቡድን አንድ፣ ሁለቱም አንድ ጎጆ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ሁለት መጽሐፍ፣ ሁለት እርሳስ። ኦቨሩ ባለቀ ቁጥር እንጠያየቃለን፣ ስንት አለሽ፣ ስንት አለኝ። ካልተስማማን ወደኋላ እንመለሳለን፣ የቱ ኳስ ላይ ነው የተለያየነው፣ እስኪገኝ ድረስ አንድ በአንድ። ቡድኔ እንዲያሸንፍ እንዴት እንደምፈልግ እግዜር ያውቃል፣ አንዳንዴ ልቤ ሊወጣ ይደርሳል፣ ግን የሷ ቁጥርና የኔ ቁጥር አንድ ካልሆነ ማሸነፍም መሸነፍም የሚባል ነገር የለም።

እኛስ? በነዚህ ባለፉት ዓመታት አገራችን ውስጥ ደም ሲፈስ እዚህም ምን እንደሆንን ታውቃላችሁ። አብረን ቡና የጠጣን ሰዎች በአንድ መንገድ መሄድ ተውን፣ ልጆቻችን አብረው ያደጉ ልጆች ልደት እንዳይጠራሩ አደረግን፣ እድሩ እንኳን ሳይቀር ሁለት ሆነ፣ ለቀብር የሚዋጣ ብር። የዛን ጊዜ እኔም ስልኬን ያላነሳሁላት እህት አለችኝ፣ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች፣ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ አሁንም በሰው ፊት እጠይቃታለሁ። ሒሳቡን አንዱ ወገን ብቻውን ሲይዘው ሌላው ተሰረቀ ይላል፣ ይሄ ያለ ነው፣ ሌባ ስላለ ላይሆን ይችላል፣ የሚጽፈው ሰው ብቻውን ስለተቀመጠ ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ቀላል ነገር ነው፣ የእድራችን መዝገብ ከሁለቱም ወገን በተመረጡ ሁለት ሰዎች ይያዝ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለት ደብተር፣ በየወሩ ስንት አለሽ ስንት አለኝ ይባባሉ። እንዲዋደዱ አልጠየቅኩም። አብረው ይቁጠሩ።

ስለ ሻዩም ልንገራችሁ፣ እሱን ካልነገርኩ ክለቡን አልነገርኳችሁም። በጨዋታው መሀል እንግዳውን ቡድን ማብላት የባለሜዳው ግዴታ ነበር፣ ሳንድዊች፣ ኬክ፣ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ሻይ፣ በተራ ነው የሚመጣው፣ ልክ እንደ ማኅበር ጽዋ። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ጨዋታው እስከ ሐምሌ ተከለከለ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን ፓርላማ ውስጥ የክሪኬት ኳስ በሽታ አስተላላፊ ነው ብለው ነበር፣ ከዛ ሲፈቀድ ያለ ሻይ ተፈቀደ፣ በብዙ ቦታ እስከዛሬም ሻዩ አልተመለሰም፣ ሁሉም የራሱን ምሳ ይዞ ይመጣል፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይበላል። እኛ ጋ ሊቀር ነበር። ነሐሴ ላይ ተራው የኔ ሆነ፣ ፍልሰታ ነው፣ እኔ እየጾምኩ ነው፣ የምስር ሳምቡሳ ሠራሁ፣ መቶ ሀያ ፍሬ፣ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነስቼ። የመጣው ቡድን ውስጥ ስድስት ሰባቱ ወላጆቻቸው ከፓኪስታን የመጡ ልጆች ናቸው። አንዱ ትሪውን አየና "ሳሞሳ!" አለ። ሳምቡሳ አልኩት። ሳሞሳ፣ ሳምቡሳ፣ እየተባባልን፣ ውስጡ ሥጋ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ እንኳን አላስፈለገም፣ ጾም ነው አልኩት፣ የኔ እናትም በጾም ጊዜ ትጠብሰዋለች አለኝ። ካፒቴናችን አርባ ዓመት ሳንድዊች የበላ ሰው፣ ሚጥሚጣዋን ቀመሰና ውሃ ፈለገ፣ ከዛ ተመልሶ ወሰደ። ሻዩ አልቀረም። ዘንድሮ የሚቀጥለውን ዓመት ዝርዝር ሲያወጡ ከኔ ስም ጎን ሳምቡሳ ብለው ጽፈውበታል።

እና ሜዳው። ሜዳ ዝም ብሎ የሚኖር ነገር እንዳይመስላችሁ። እኛ ጋ መሀሉን የሚንከባከበው ጡረታ የወጣ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ደሞዝ የለውም፣ ከመጋቢት ጀምሮ በሮለር ይደመድማል፣ ያጭዳል፣ ዝናብ ሲመጣ በሌሊት ተነስቶ ይሸፍናል። አንድ ሳምንት ቢተወው ኳሱ እንዳመጣለት ይነጥራል፣ ሰው ይጎዳል። ሰሜን ውስጥ ዱርሃም አካባቢ ሊንትዝ የሚባል መንደር ሜዳ አለ፣ ሰባ ዓመት ያህል ሲጫወቱበት ኖረው ከጎኑ የነበረው የከብት መስክ የመኖሪያ ቤት ሆነ። ኳስ ግቢያቸው እየገባ ያስቸገራቸው ጎረቤቶች ከሰሱ፣ አልፈርድባቸውም፣ ጓሮሽ ውስጥ ለመቀመጥ መፍራት ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጨዋታው ይቁም አለ። በ1977 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያንን እግድ አነሳ፣ ካሳ 400 ፓውንድ ይከፈል፣ ጨዋታው ግን ይቀጥል ተባለ። ሎርድ ዴኒንግ የሚባሉት ዳኛ የጻፉትን ልጄ ናት ፈልጋ ያነበበችልኝ፣ በጋ ላይ የመንደር ክሪኬት የሁሉም ደስታ ነው፣ ወጣቱ ይጫወታል አሮጌው ያያል፣ ሜዳው ከጠፋ ልጆቹ ወደ ሌላ ነገር ይዞራሉ፣ መንደሩም ይደኸያል፣ እንደዛ የሚል ሐሳብ ነው። የአገሪቱ ትልቅ ዳኛ ፍርድ ሲጽፉ ከመንደር ሜዳ ነው የጀመሩት።

እኛ በየዓመቱ አዳራሽ እንከራያለን፣ እንጨፍራለን፣ እንለያያለን። የምናጭደው ሣር የለንም። ልጆቹ እዛ በሩ ጋ የሚቆሙት ለምንድነው ብዬ ሳስብ ሥራ ስላልሰጠናቸው ነው የሚመስለኝ። ኑ እንላቸዋለን፣ ይመጣሉ፣ ተቀመጡ እንላቸዋለን፣ ከዛ ማይኩን ይዘን ሁለት ሰዓት እናወራባቸዋለን። እኔን የመንደሩ ሰው ያደረገኝ ኮርስ ወይም ስብሰባ አይደለም፣ እርሳስ ነው የሰጡኝ፣ ከዛ የምጽፈውን አመኑት። የዚህን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አንዷ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ብትይዘው፣ በምትችለው አማርኛ፣ ስህተት ቢኖረውም፣ አባቶች ደግሞ እሷ ጽፋ እስክትጨርስ ንግግራቸውን ቆም ቢያደርጉላት፣ እስኪ አስቡት።

ልጆቻችሁን በተመለከተ፣ ሚያዝያ ላይ አዲሱ ሲዝን ይጀምራል። ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ላሉት ኦል ስታርስ የሚባል ፕሮግራም ብዙ ክለቦች ጋ አለ፣ በፕላስቲክ ዱላና ለስላሳ ኳስ ነው፣ ጥርስ የሚያወልቅ ነገር የለውም። የት ነው ያለው እንዳትሉኝ፣ እዚሁ ለንደን ሚቻም የምትኖሩ ስንት ናችሁ? ክሪኬት ግሪን እያላችሁ የምትጠሩት ፌርማታ ጋ ያለው ሜዳ ላይ ከ1685 ጀምሮ ይጫወቱ ነበር ይባላል፣ በየቀኑ ታልፉበታላችሁ። ስትደርሱ ወላጆቹ ዳር ላይ ተቀምጠው ታገኛላችሁ፣ የሚያናግራችሁ ላይኖር ይችላል በመጀመሪያው ቀን፣ የአገሩ ሰው ዓይን አፋር ነው፣ እናንተ ግን ሻይ ማን ነው የሚያፈላው ብላችሁ ጠይቁ። እሱን ከጠየቃችሁ በቀጣዩ ሳምንት ስማችሁን ያውቁታል።

ስም ካልኩ አይቀር፣ ስኮርቡኩ ገጽ ላይ ስኮረሩ ስሙን የሚጽፍበት ቦታ አለ። እኔ በፈረንጅኛ እጽፍና አጠገቡ በፊደላችን እደግመዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ይቅርታ ልጠይቅ ነበር መሰለኝ። አባባ ማየት ስለማይችሉ ምን ጻፍሽ አሉኝ፣ ነገርኳቸው፣ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳለፉና ስንት ፊደል ነው አሉኝ። አራት አልኳቸው። ክለቡ የድሮ መጽሐፎቹን በሙሉ ፓቪሊዮኑ ውስጥ፣ ሜዳው ዳር ባለው የክለቡ ቤት ማለት ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል፣ ከዓለም ጦርነቱ በፊት ጀምሮ ያሉት አሉ፣ ወጣቶቹ ሄደው ያልተመለሱበት ዓመት ገጹ ባዶ ነው። የኔም አራት ፊደል እዛ ይቀመጣል።

አባባ አሁን ሰማንያ ስድስት ሆኗቸዋል፣ እንክብካቤ ቤት ገብተዋል፣ ሜዳው ድረስ መምጣት አይችሉም። ግን ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ይደውላሉ፣ ደህና ነሽ ወይ አይሉም፣ "ስንት ገባ?" ነው የሚሉት፣ ከመጀመሪያው ኦቨር ጀምሬ አነብላቸዋለሁ። ዛሬ የሲዝኑ የመጨረሻ ጨዋታ ነው። እኔ እዚህ ስለሆንኩ መጽሐፉን የያዘችው የአስራ አራት ዓመቷ ልጄ ናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን። አሁን አስር ከሩብ ሆኗል፣ ሻዩ አልቋል፣ ሁለተኛው ቡድን ወጥቷል፣ ዳኛው ወደ ጎጆዋ ዞሮ ቆሟል፣ እሷ እጇን ታነሳለች። ከመድረኩ እንደወረድኩ ስልኬን ከፍቼ ብታዩኝ ይቅር በሉኝ፣ አባባ ከመደወላቸው በፊት ውጤቱን ማወቅ አለብኝ።

አመሰግናለሁ።